ስለ አሮጌ የዐፈር ግድብና ስለ ቁጥጥሩ

የዐፈር ግድብ ሲያረጅ አደጋው ከወዴት እንደሚመጣ፥ ተቆጣጣሪውስ ምን መመልከት እንደሚገባው በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን። ለምሳሌ የመረጥነው በአሜሪካ አገር፥ በኮሎራዶ፥ በሮኪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረውን የሎን ሌክ ግድብ ነው። ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ግድቡን በ1903 ዓ.ም. የሠሩት ከተራራው በታች የሚያርሱ የመስኖ ገበሬዎች ናቸው። ቁመቱ 8 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። በ79 ዓመቱ፥ ጁላይ 15 ቀን 1982 ዓ.ም. ማለዳ ተደረመሰ። 830 ሺህ ሜትር ኩብ ያህል ውሃ በሸለቆው ወርዶ፥ ከበታቹ የነበረውን ሌላ ግድብ ጥሶ፥ የኤስቲስ ፓርክን ከተማ አጥለቀለቀ። ሦስት ሰዎች ሞቱ። አንድ የቆሻሻ መኪና ሠራተኛ የጎርፉን ድምፅ ሰምቶ ፈጥኖ በስልክ ባያስታውቅ ኖሮ፥ የሟቾቹ ቁጥር ከዚህ በበለጠ ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት የዐፈርን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ዐፈር ውሃን ጨርሶ አያግድም፤ ጥቂቱ ዘወትር በግድቡ ውስጥ ሰርጎ ያልፋል። በዝግታ እስካለፈና ጠርቶ እስከወጣ ድረስ ጉዳት የለውም። ደፍርሶ ከወጣ ግን ዐፈሩን ይዞ መውጣቱ ነው፤ ቀዳዳውም ከውስጥ እየሰፋ ይሄዳል። በሎን ሌክ ውሃ ማስለቀቂያው ቧንቧ ከመዝጊያው ጋር የተጋጠመበትን ስፍራ የደፈነው እርሳስ ከዕድሜ ብዛት ተበላሽቶ ነበር። ውሃው በዚያ በኩል በግፊት እያመለጠ የግድቡን ዐፈር ከውስጥ አጠበው።

እንግዲህ የቁጥጥር ችግር እዚህ ላይ ይገለጣል። መጋጠሚያው በዐፈር ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ፥ በግድቡ አናት ላይ የሚመላለስ ሰው አያየውም። በዚያም ላይ ወደ ሐይቁ የሚያደርሰው የተራራ የእግር መንገድ እንጂ የመኪና መንገድ አልነበረም። ስለዚህ ውጭውን አይቶ መመለስ ምርመራ አይባልም። በግርጌው የሚሰርገው ውሃ በየጊዜው ተለክቶ፥ ከሐይቁ ከፍታ ጋር በመዝገብ መጻፍ አለበት። መዝጊያው ተከፍቶና ተዘግቶ መፈተን፥ የቧንቧውም ውስጥ መታየት ይገባዋል። ጥርጣሬ በተነሣ ጊዜ እስኪጠገን ድረስ ውሃው ዝቅ እንዲል የሚያዝ ባለሥልጣን ያስፈልጋል፤ ውሃውን ለእርሻው የሚሻ ባለቤት ይህን በገዛ ፈቃዱ ለማድረግ ይቸግረዋልና።

በአገራችንም ከ1990ዎቹ ጀምሮ በትግራይና በአማራ ብዙ ትናንሽ የዐፈር ግድቦች ለመስኖ ተሠርተዋል፤ ከእነርሱም ውሃ የሚያሰርጉ ይገኛሉ። የሎን ሌክ ግድብም ትንሽ ነበር። የአደጋው መጠን በግድቡ ቁመት ብቻ የሚለካ አይደለም፤ ከበታቹ ማን እንደሚኖርም ይታያል። ግድብ የሚሠራበት ገንዘብ ሲመደብ፥ የሚጠበቅበትም ገንዘብና ኃላፊው ሰው አብረው መታሰብ አለባቸው እንላለን።