የዘገየ በጀት ወለዱን የሚከፍለው ማን ነው?

ፔንሲልቬንያ የ2025/26 በጀቷን እስከ ጁን 30 ቀን 2025 ማጽደቅ ነበረባት። አገረ ገዥው ጆሽ ሻፒሮ የ50.1 ቢሊዮን ዶላሩን በጀት የፈረሙት ግን ኖቬምበር 12 ቀን ነው። ከአራት ወር በላይ ካውንቲዎች፣ ትምህርት ቤቶችና ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች የሚገባቸውን ክፍያ ሲጠብቁ ከረሙ። «ግብራችንን እየከፈልን ገንዘቡ የት ገባ?» የሚለው የነዋሪዎች ቅሬታ ተገቢ ነው። የሚሰጠው መልስ ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው።

የተለመደው መልስ «በጀት ስላልጸደቀ መንግሥት ገንዘብ አጥሮታል» የሚል ነው። አላጠረውም። የግብር ሕጎች ከበጀት ዓመቱ ጋር አብረው አያበቁም። 3.07 በመቶው የገቢ ግብርም ሆነ 6 በመቶው የሽያጭ ግብር በእነዚያ ወራት ሁሉ ሲሰበሰብ ነበር። የቆመው የማውጣት ሥልጣኑ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በሕግ ካልተፈቀደ በቀር ገንዘብ ከግምጃ ቤት እንዳይወጣ ይከለክላል። የግዛቱ ሠራተኞች ደመወዝና የሜዲኬይድ ክፍያ ግን አልተቋረጡም። የሕግ ከለላ የሌላቸው ተቀባዮች ብቻ ደጅ ቀሩ። ገንዘባቸው በግምጃ ቤቱ ተቀምጦ ወለድ ሲያፈራ፣ እነርሱ ከባንክ ተበድረው ወለድ ይከፍላሉ።

አንድ የሕፃናት ማዋያ ከግዛቱ 300 ሺህ ዶላር ይጠብቃል እንበል። ለአራት ወር በ8 በመቶ የዓመት ወለድ ቢበደር 8,000 ዶላር ይከፍላል። በጀቱ ሲጸድቅ 300 ሺው ይደርሰዋል፤ 8,000ውን ግን ማንም አይመልስለትም። ለመምህራን የደመወዝ ጭማሪ ሊሆን የሚችል ገንዘብ ባንክ ገባ ማለት ነው። በሴፕቴምበር የግዛቱ ግምጃ ቤት ለካውንቲዎችና ለሄድ ስታርት የሕፃናት ትምህርት ፕሮግራሞች እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ብድር በ4.5 በመቶ ወለድ አቀረበ። ይህ የዕቁብ ሰብሳቢ ዕጣ የደረሰውን ሰው ብር ይዞ «ከራሴ ላበድርህ፣ ወለዱን ግን ትከፍላለህ» እንደሚለው ነው።

የበጀት መዘግየት ስሙ ፖለቲካ ነው፤ በተግባር ግን ከደካማው ወገን የሚወሰድ የግዳጅ ብድር ነው። ለዚህም ነው በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚነገረንን የግምጃ ቤት ሚዛን የማላምነው። ያልተከፈለ ዕዳ ሁሉ ሒሳቡን ያሳምረዋል፤ ኪሳራው የሚመዘገበው በየካውንቲውና በየትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ነው። የንብረት ግብራቸው የሚበቃቸው ሀብታም የትምህርት ወረዳዎች ይቋቋሙታል፤ የግዛቱን ድጋፍ የሚጠብቁት ድሆቹ ይበደራሉ።

ግዛቱ ራሱ ወለዱን እንዲከፍል ማስገደድስ? ኢሊኖይ ከ2015 እስከ 2017 ለሁለት ዓመት ያለ ሙሉ በጀት ስትቆይ፣ ሕጓ ለዘገዩ ሒሳቦች በወር 1 በመቶ ቅጣት ያስከፍላት ነበር። ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጣባት፤ ከዚያም ከፊሉ የተከማቹ ሒሳቦችን አስቀድመው ለገዙ ባለገንዘቦች ሄደ። ቅጣቱ የፖለቲካ ፍጥጫውን አልፈታም። ቢሆንም ወጪውን በግዛቱ መዝገብ ላይ ግልጽ አድርጎ አሳይቷል። ለእኔ ተሰውሮ ከሚቀር ወጪ በይፋ የሚታይ ወጪ ይሻላል።

ስለዚህ ጉዳዩን ለፓርቲዎች ብቻ መተው አይገባም። በዋና ከተማዋ ሃሪስበርግ የሚሰበሰበው የግዛቱ ምክር ቤት 203 ተወካዮችና 50 ሴናተሮች አሉት። የሁላችንም አድራሻ አንድ ተወካይና አንድ ሴናተር አለው። ዜግነት ያላገኘ ነዋሪም፣ መምረጥ ባይችልም፣ ለቢሮአቸው መደወል ይችላል፤ ብዙ ወገኖቻችን ይህን መብታቸውን አይጠቀሙበትም። ስትደውሉ «በጀቱን አጽድቁ» ብቻ አትበሉ፤ ሁሉም «እኛማ ዝግጁ ነን» ይላችኋል። ስማችሁንና የምትኖሩበትን አካባቢ ተናግራችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ስምምነት ካልተደረሰ በጀቱ እስኪጸድቅ ባለፈው ዓመት መጠን ክፍያ እንዲቀጥል የሚያደርግ ጊዜያዊ ሕግ ትደግፋላችሁ ወይ? ግዛቱ ለሚያዘገየው ክፍያ ወለዱን እንዲሸፍንስ? በስም የምታውቁት ማዋያ ወይም ትምህርት ቤት የከፈለው ወለድ ካለ መጠኑን ጥቀሱ።

የምትደውሉበት ጊዜም ይወስናል። ከጁን 30 በኋላ ድርድሩ የሚካሄደው በመሪዎች መካከል፣ በዝግ በር ነው። ተወካያችሁ ገና አቋሙን ሳይይዝ፣ በፀደይ ወራት ደውሉ።