በቆርኪ ጎማ የቆመው ቮልስዋገን

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ ወይም በደምቢዶሎ ገበያ ውሎ የሚያውቅ ሰው ሁለት ዓይነት ትንንሽ መኪናዎች ማየቱ አይቀርም። አንደኛው በካርቶን ታሽጎ ከባሕር ማዶ የመጣውና በየሱቁ ደጃፍ የሚሰቀለው የፕላስቲክ መኪና ነው። ሁለተኛው ልጆች ከሽቦ፣ ከቆርቆሮና ከቆርኪ ሠርተው፣ ረጅም ዘንግ አበጅተውለት እየገፉ የሚሮጡበት ነው። የመጀመሪያው ይሸጣል፤ ሁለተኛው አይሸጥም። ሆኖም ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አኑሮ ለሚመረምር ነጋዴ አንድ የሚያስገርም ነገር ይገለጥለታል፤ ይኸውም የሚሸጠው መኪና ጎማው በአንድ ብረት ላይ ተሰክቶ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ሲንከባለል፣ የማይሸጠው መኪና መሪ ያለውና የፊት እግሮቹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዞር መሆኑ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን የለያያቸው የእጅ ብልሃት ማነስ አይደለም። ልጁ የሠራው «ኮንኮላታ» ለገበያ እንዳይበቃ ያደረጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም ልክና አጨራረስ ናቸው። እነዚህ ሁለቱ ሲሟሉ መጫወቻ የነበረው ነገር አምሳያ፣ በተለምዶ ሞዴል የሚባለው ዕቃ ይሆናል፤ ዋጋውም ይለወጣል። የሥራውን ዝርዝር ማወቅ ደግሞ ለሠሪው ብቻ ሳይሆን ዕቃውን ለሚያስመጣውም ሆነ ለሚሸጠው ይጠቅማል።

ለምሳሌነት ከእሽቅድምድም መኪናዎች ሁሉ የአገራችን ሰው አሳምሮ የሚያውቀውን፣ «ቮልስ» ብሎ የሚጠራውን ቮልስዋገን መምረጥ ይሻላል። ይህች በየመንገዱ የምናያት ትንሽ መኪና የእሽቅድምድም ታሪክ እንዳላት የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 (በ1945 ዓ.ም.) ለንግሥት ኤልሣቤጥ ዘውድ መጫን መታሰቢያ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ መንገዶች ላይ የሳፋሪ ውድድር ተጀመረ፤ በ1962ም (በ1954 ዓ.ም.) በቶሚ ፍያስታድ የተነዳ ቮልስዋገን በዚሁ ውድድር አንደኛ ወጣ። ትልልቆቹና ፈጣኖቹ መኪናዎች በጭቃ ሲያዙ እርሷን ያሳለፋት ሞተሯ ከኋላ መሆኑ ነው፤ የሞተሩ ክብደት በሚነዱት ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ ጎማው መሬት ይቆነጥጣል። ሞተሯ በነፋስ የሚቀዘቅዝ በመሆኑም ራዲያተር የላትም፤ ስለዚህ ውኃው አፈላ፣ ራዲያተሩ ተበሳ የሚል ሥጋት አልነበረባትም። ክረምት የነቀምቴንና የቡሬን ወይም የጊምቢንና የደምቢዶሎን መንገድ አስፋልት ሳይደርሰው የተጓዙ የቡና ነጋዴዎች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም።

ሥራው የሚጀመረው ከመለካት ነው። ቮልስዋገን ከጫፍ እስከ ጫፍ 4 ሜትር ከ7 ሳንቲ ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ወርዷ 1 ሜትር ከ54፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ50፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 2 ሜትር ከ40 ነው። አምሳያውን በ1 ለ20 ልክ እንሥራ ቢባል ሁሉንም ለ20 ማካፈል ነው፤ ርዝመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ከ3 ሚሊ ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 7 ሳንቲ ሜትር ከ7 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 7 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ በጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት ልክ 12 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የተማሪ የሒሳብ ደብተር፣ ባለ ካሬው ማለት ነው፣ ለዚህ ዓይነተኛ ወረቀት ነው፤ መኪናዋ ከጎን፣ ከፊትና ከላይ ስትታይ ያላት መልክ በሦስት ሥዕል ይነደፍበታል።

1 ለ20 የተመረጠበት ምክንያት አለ። የለስላሳና የቢራ ጠርሙስ ቆርኪ ከዳር እስከ ዳር 32 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱም 6 ሚሊ ሜትር ነው። የቮልስዋገን ጎማ ቁመት 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ለ20 ሲካፈል 32 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሰጣል፤ ወርዱ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ 7 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ስለዚህ ልጆቻችን ማንም ሳያስተምራቸው ለመኪናቸው የመረጡት ጎማ ለዚች መኪና በሚሊ ሜትር ደረጃ ትክክል ነው ማለት ነው። የቆርኪው ጥርስ እንኳ የጎማ ጥርስ ይመስላል። የቀረው ውስጡን ከአሮጌ ነጠላ ጫማ በተቆረጠ ላስቲክ መሙላት፣ መካከሉን በመርፌ ጫፍ አስተካክሎ መብሳትና ጥቁር መቀባት ብቻ ነው። ብሱ ከመካከሉ በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢስት መኪናው ሲገፋ ያነክሳል።

ለአካሉ ቆርቆሮ አይሆንም። ልጆች ዘወትር የጭነት መኪና የሚሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኤንትሬን የመሰለ መኪና ሁሉ ነገሩ ሳጥን ስለሆነ ቆርቆሮው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይታጠፋል። ቮልስ ግን ከየትም ቢያዩአት ክብ ናት፤ ቆርቆሮን በሁለት አቅጣጫ ማጉበጥ የቀጥቃጭ ሙያ ይጠይቃል። ለእርሷ የሚስማማት እንጨት ነው፤ ወለጋም እንጨት አልተቸገረም። ዋንዛ ለቢላዋ ገር፣ ክብደቱም ቀላል ነው። ግን በደንብ የደረቀ መሆን አለበት፤ እርጥብ ዋንዛ ተቀርጾና ተቀብቶ ካለቀ በኋላ ቢሰነጠቅ የብዙ ቀን ድካም ከንቱ ይሆናል። አናጢ ቤት ከበርና ከአልጋ ሥራ የተረፈው ቁራጭ ይበቃል።

የጎኑ ሥዕል በእንጨቱ ላይ ተነድፎ በመጋዝ ይቆረጣል፤ ቀጥሎ የላዩ ሥዕል ይነደፋል፤ ከዚያ ቢላዋውና ሞረዱ ይከተላሉ። እዚህ ላይ የብዙ ጀማሪ ሥራ ይበላሻል፤ ግራው ጎን ከቀኙ ይበልጣል፣ አንዱ ፓራፋንጎ ያብጣል፣ ኮፈኑ ይጣመማል። መድኃኒቱ ከወፍራም ካርቶን የግማሹን ቅርጽ ቆርጦ በሁለቱም ጎን እያስጠጉ ማመሳከር ነው። ዓይን ይታለላል፤ ካርቶን አይታለልም።

ቅርጹ ሲያልቅ ብርጭቆ ወረቀት ይመጣል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ልስላሴው ይጨምራል፤ ለአናጢ 80 እና 120 ሲበቃው አምሳያ ሠሪ ግን ከ240 ተነሥቶ በ400 እስከ 600 ይደርሳል። ቀዳዳው በስቱኮ ተደፍኖ፣ ደርቆ፣ እንደገና ይፋቃል። ከዚያ የመጀመሪያው ስስ ቀለም ሲቀባ በእንጨቱ ላይ ያልታየው ጭረት ሁሉ ፊት ለፊት ይወጣል፤ ደንገጥ ሳይሉ እንደገና መፋቅ ነው። ዋናው ቀለም አንድ ጊዜ በወፍራሙ ከሚለደፍ አምስት ጊዜ በስሱ ቢቀባ ይሻላል። በወለጋ ደግሞ ሌላ ጠንቅ አለ። ዝናቡ ረጅም ነው፤ በእርጥብ ቀን የተቀባ የመኪና ቀለም ወተት እንደ ፈሰሰበት ይነጣል። ስለዚህ ክረምቱ የመቅረጫ፣ በጋው የመቀቢያ ጊዜ ቢሆን ይመረጣል።

አሁን የሚቀረው ሥራ ከሁሉ የሚጥመው ነው። የመስተዋቱ ነገር ከውኃ ጠርሙስ ፕላስቲክ ይቆረጣል። የፊት መብራቱ ከክኒን መጠቅለያ ይገኛል፤ ክኒኑ የተቀመጠበት ጉብ ያለ ግልጽ ፕላስቲክ መብራቱን ሲሆን፣ የሚያብለጨልጨው ወረቀት ከበስተጀርባው ይገባል። የዝናብ መጥረጊያው ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ ከሚገኘው ቀጭን መዳብ ይሠራል። እዚህ ላይ ዘወትር ሊታወስ የሚገባው፣ በ1 ለ20 ልክ 1 ሚሊ ሜትር ማለት 2 ሳንቲ ሜትር መሆኑን ነው። ባለ 1 ሚሊ ሜትር ሽቦ ለመጥረጊያ ቢተከል በእውነተኛዋ መኪና ላይ አውራ ጣት የሚያህል ብረት እንደ ተተከለ ይቆጠራል። የሞዴል ሥራ አዋቂዎች የሌላውን ሥራ ሲያዩ መጀመሪያ የሚፈልጉት ይህንኑ የውፍረት ስሕተት ነው።

የሳፋሪ መኪና ያለ ጭቃ ሳፋሪ አይመስልም። ጭቃውን ከሩቅ ማስመጣት አያስፈልግም፤ የነቀምቴ ቀይ አፈር ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በስስ ጨርቅ ተነፍቶ፣ በጥቂት ኮላና ውኃ ሲለወስ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። መነፋቱ የግድ ነው፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በዚህ ልክ ድንጋይ ታህላለችና። ጭቃ ከጎማ ስለሚረጭ የሚቀባው ከጎማው በስተኋላ፣ ከታች ወደ ላይ እየሳሳ ነው። ጣራው አቧራ ብቻ ይበቃዋል። ንጹሕ መኪና የሚወድ ገዢ ይህን ሲያይ ፊቱን ሊያጨፈግግ ይችላል፤ ለእርሱ ያልቆሸሸ አንድ ማስቀመጥ ነው።

ይህ ሁሉ የልጆች ጨዋታ የሚመስለው ቢኖር የሁለት ድርጅቶችን ታሪክ ይስማ። የሳፋሪውን ውድድር የወለደው የ1953ቱ የዘውድ በዓል የለንደኑን የሌስኒን ኩባንያም አክብሮታል፤ የዘውዱን ሠረገላ በትንሹ ቀርጾ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሸጠ፤ በዚያው ዘመንም ክብሪት ሳጥን የምታህለውን «ማችቦክስ» የተባለች መኪና አወጣ። (ይኸው ኩባንያ በ1982 ከሰረ፤ መግነን ከመክሰር አያድንም።) የጃፓኑ ታሚያ ደግሞ በ1946 በሺዙኦካ ከተማ የጀመረው በእንጨት ንግድ ነው። በእንጨት ሞዴል ላይ ተሰማርቶ በ1953 ጣውላ መነገዱን ጨርሶ ተወ። በ1967 የሆንዳን የፎርሙላ ዋን መኪና በ1 ለ12 ልክ አወጣ። በ1976 ላወጣው የፖርሽ ሞዴል ልኩ እንዳይሳሳት ብሎ እውነተኛ ፖርሽ 911 ገዝቶ አንድ በአንድ ፈታታው። በወለጋ ከተሞች ግን መኪና መግዛት ሳያስፈልግ፣ ከቮልስ ባለቤት ጋር ቡና ጠጥቶ ሜትር መዘርጋት ይቻላል።

አስመጪዎች የሚከተለውን ልብ ቢሉ ይበጃቸዋል። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ዕቃዎች ዝርዝር በልክ ያነሱ ሞዴሎች ከአሻንጉሊትና ከባለ ጎማ መጫወቻዎች ጋር በአንቀጽ 95.03 ተመድበዋል። ለብቻው የታዘዘ ቀለም ግን ወደ ምዕራፍ 32፣ ኮላ ወደ ምዕራፍ 35 ይሄዳል፤ ስለዚህ በደረሰኝ ላይ ሁሉን «መጫወቻ» ብሎ ማጠቃለል በጉምሩክ ያጣላል። በቤንዚን መሰል ፈሳሽ የተበጠበጠ ቀለም በአውሮፕላን ሲጫን በቀላሉ የሚቀጣጠል ዕቃ ተብሎ ልዩ አስተሻሸግ ይጠየቅበታል። ያልተገጠመ የውጭ ሞዴል በብዛት አስመጥቶ ነቀምቴ መደርደር ግን ገንዘብን በመደርደሪያ ላይ ማሰር ነው፤ ገዢው ሣጥኑን ከፍቶ ቀለሙም፣ ኮላውም፣ ቀጭኑ ብሩሽም በከተማው እንደማይገኝ ሲያውቅ ሁለተኛ አይመለስም። ከዚህ ይልቅ ለባለ ሱቅ የሚያዋጣው የሥራው ዕቃ ነው። ለአንድ አምሳያ የሚበቃው ቀለም አንድ የቡና ሲኒ አይሞላም፤ የቀለም ሱቁ ግን በሊትር ካልሆነ አይሸጥም። አንዱን ቆርቆሮ ቀለም ክዳኑ በደንብ በሚጠብቅ ትንንሽ ጠርሙስ ቀድቶ፣ ባለ 400 ብርጭቆ ወረቀት ቆራርጦ፣ ቀጭን ብሩሽ ጨምሮ ለሚሸጥ ሰው ትርፉ ትንሽ፣ ምልልሱ ግን ፈጣን ነው።

ለተጨረሰው አምሳያ ገዢው ማነው? ጋራዥ ያለው፣ በጭነት መኪና የከበረ፣ ሆቴል ያሠራ፣ ከሚኒሶታ ለዕረፍት መጥቶ የአገሩን አፈር በሻንጣው ይዞ መመለስ የሚሻ የወለጋ ተወላጅ። ለዚህ የመጨረሻው ገዢ ጭቃው ራሱ ዋጋ አለው።

ወደ ውጭ ለመላክ ለሚያስብ ሁለት ጥንቃቄዎች ይታከላሉ። የመኪና ፋብሪካ ምልክት የባለቤቱ ሀብት ነው፤ በአገራችንም የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ይህን ይደነግጋል። ለራስ ወይም ለወዳጅ በሠሩት ላይ ምልክቱን መሣል ሌላ፣ ሃምሳ ሠርቶ ያለ ፈቃድ መላክ ሌላ ነው። ሁለተኛው የዕድሜው ጉዳይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2009 ያወጣው የመጫወቻ ደንብ ዕድሜያቸው 14 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰብሳቢዎች የሚሠሩ፣ ለዚሁም ግልጽ ጽሑፍ ያለባቸው ትክክለኛ አምሳያዎችን ከመጫወቻ አልቆጠራቸውም። በመርፌ ቀዳዳ የተሰካ ቆርኪና ሹል መዳብ ያለበት ዕቃ በሕፃን እጅ መግባት ስለሌለበት ይህ ጽሑፍ ለሕጉ ብቻ ተብሎ የሚለጠፍ አይደለም።

ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ ያለው 330 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለትንሽ መኪና ከሳፋሪም ይከፋል። በጋዜጣ ተጠቅልሎ የተላከ አምሳያ ጎማው ወልቆ፣ ቀለሙ በጋዜጣ ፊደል ታትሞ ይደርሳል። ስለዚህ ከሆዱ በኩል በሁለት ብሎን ከጣውላ ጋር ይታሰራል፤ ጎማዎቹ ጣውላውን እንዳይነኩ ከሥር ስስ ቁራጭ እንጨት ይገባል፤ ከላይም ምንም ነገር ቀለሙን ሳይነካው ሣጥኑ ይዘጋል። ብሎኖቹን የሚፈታው መፍቻ በሣጥኑ ውስጥ ከጎኑ ይታሰርለታል።