ቅዳሜ እሳት የማይነድበት ቤት

የላስታ ገበሬ ቅዳሜ አያርስም። ሰንበት ነዋ! ላሊበላ ገበያ ግን ይወጣል፤ ቤቱም እሳት ይነዳል።

በጎንደርና በሰሜን ተራሮች ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች ሰንበትን ከዚህ አጥብቀው ይይዙ ነበር። እምነታቸው የአይሁድ ነው። አንድ አምላክ ያመልካሉ። ሕጋቸው ኦሪት ነው፤ አዲስ ኪዳንን አይቀበሉም።

ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳቦው ይጋገራል፤ ገላ ይታጠባል፤ እሳቱ ይጠፋል። ቅዳሜ ምግቡ ቀዝቃዛ ነው። ቡናም የለ! ሰዉ ጸሎት ቤት ይሄዳል። ቄሱ ኦሪትን በግዕዝ ያነባሉ። ሲጸልዩ ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ያዞራሉ።

ናፍቆታቸው ይበልጥ የሚታየው በስግድ በዓል ነው። በዓሉ አስተስርዮ ከሚባለው ጾም በኋላ በ50ኛው ቀን ይውላል። ሰዉ ጾሞ ተራራ ይወጣል፤ ቄሶች ኦሪቱን ይዘው ይመራሉ። በጎንደር አጠገብ፣ አምቦበር ላይ፣ ብዙ ሕዝብ ይሰበሰብ ነበር። ኢየሩሳሌም ለመግባት ይለምናሉ።

ልመናው ለብዙዎች ደረሰ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ሰዎች በ2 ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። ስግድም ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያ አገር በሕግ የታወቀ በዓል ሆኗል።

በጎንደርና በአዲስ አበባ ግን ዛሬም ተራ የሚጠብቁ ዘመዶች አሉ። እናት እዚያ፣ ልጅ እዚህ የሆነበት ቤት ብዙ ነው።