ቃርና እርግዝና

ከጓደኞቻችን ባለቤቶችና በዚህ አገር በየቤቱ ተቀጥረው ከሚሠሩ እኅቶቻችን ዘንድ ለእኛ ለሕክምና ተማሪዎች ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ ስለ ቃር ነው። «ማቅለሽለሹ ተወኝ ስል አሁን ደግሞ ደረቴን እሳት ይበላኛል፤ ምን ልውሰድ?» ይሉናል። አብዛኛውን ጊዜ ቃር ቃር ብቻ ነው፤ አልፎ አልፎ ግን ሌላ ብርቱ ሕመም የቃርን መልክ ይዞ ስለሚመጣ ጉዳዩን ዘርዘር አድርገን ለማቅረብ ወደናል።

በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መጋጠሚያ ላይ እንደ ከረጢት አፍ የሚከፈትና የሚዘጋ የጡንቻ ቀለበት አለ። በእርግዝና ጊዜ በብዛት የሚመነጨው ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ማኅፀን ያለጊዜው እንዳይኮማተር ጡንቻን የማላላት ሥራ አለው፤ ይሁን እንጂ የማኅፀኑን ጡንቻ ከሌላው ስለማይለይ ይህንንም ቀለበት ያላላዋል። ጨጓራ የራሱን አሲድ የሚቋቋምበት ልባስ ሲኖረው ቧንቧው ግን ይህ ስለሌለው አሲዱ ሽቅብ ሲመለስ ያቃጥላል። በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ ማኅፀን ጨጓራን ከታች ስለሚገፋው ይብሳል። ከወሊድ በኋላ ብዙውን ጊዜ ወዲያው ይጠፋል።

እናቶቻችን ቃር የበዛባት ሴት ፀጉራም ልጅ ትወልዳለች ይላሉ። የባልቴት ወሬ ነው ብሎ የሚስቅ አይጠፋም፤ ሆኖም በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች 64 እርጉዞችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ቃሩ የበረታባቸው ሴቶች በአብዛኛው ፀጉራቸው የበዛ ልጆች ወልደዋል። ሁለቱንም የሚያስከትሉት እነዚያው ሆርሞኖች ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ይገመታል። አንድ ትንሽ ጥናት ስለሆነ ከዚህ በላይ አንሄድበትም።

ወደ መፍትሔው ስንመጣ ቀዳሚው አበላል ነው። «ለሁለት ነውና ብዪ» እየተባለ በጉርሻ ላይ ጉርሻ የሚታከልባት ነፍሰ ጡር ማታውን እንቅልፍ አታገኝም። የዕለቱን ምግብ በአምስት ወይም በስድስት ጊዜ ከፋፍላ ጥቂት በጥቂት ብትወስድ ይሻላታል። በርበሬና ቅቤ የበዛበት ወጥ፣ ቡና፣ እንዲሁም በዚህ አገር ከምግብ በኋላ የሚቀርበው ናና ያለበት ሻይ ቃርን ከሚቀሰቅሱት መካከል ናቸው። ሁሉንም መተው ግድ አይደለም፤ የሚቀሰቅስባትን ለይታ የምታውቀው ራሷ ናት። ጋዝ ያለው ውሃ፣ የምንወደውን አምቦ ጭምር፣ ግሳቱ ለጊዜው ቢያሳርፍም ጨጓራን ነፍቶ አሲዱን መልሶ ሊያወጣው ይችላል።

እራት በልቶ ሦስት ሰዓት ያህል ሳይቆዩ መተኛት አይገባም። የአልጋውን እግሮች በራስጌ በኩል ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ይረዳል፤ ጡብ ለሌለው ተማሪ ወፋፍራሞቹ የአናቶሚ መጻሕፍት ለዚህም አይሰንፉም። ትራስ ብቻ መደራረብ ግን ወገብን አጥፎ ሆድን ይጫናል። በግራ ጎን መተኛትም ጨጓራው ከቧንቧው ዝቅ እንዲል ስለሚያደርግ ይመረጣል።

ይህ ሁሉ ካልበቃ ካልሲየም ካርቦኔት ወይም አልጂኔት ያለባቸው መድኃኒቶች በታዘዘው መጠን በእርግዝና ጊዜ ይወሰዳሉ። የደም ማነስ መከላከያውን የብረት እንክብል ግን ሥራውን ስለሚያደናቅፉበት በመካከላቸው ሁለት ሰዓት ያህል ሊኖር ይገባል። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጦ መጠጣት በሶዲየሙ ብዛት የተነሣ አይመከርም። ውሃ ውስጥ ሲጨመሩ ከሚፈሉት እንክብሎችም አስፕሪን ያለባቸው ስላሉ ሳይጠይቁ መውሰድ ያሰጋል። ሕመሙ ከጸና ሐኪም ፋሞቲዲን ወይም ኦሜፕራዞል ሊያዝ ይችላል።

ከሁሉም በላይ የምናሳስበው ስለ ሚሶፕሮስቶል ነው። ይህ መድኃኒት የጨጓራን ቁስል ለመከላከል የተሠራ በመሆኑ «የጨጓራ ነው» ተብሎ ከእጅ ወደ እጅ ሊተላለፍ ይችላል፤ ማኅፀንን ግን አኮማትሮ ፅንስን ያስወርዳል። ጓደኛ ለጨጓራዬ የታዘዘልኝ ነው ብላ የሰጠችውን እንክብል ነፍሰ ጡር ሴት ስሙን ሳታስነብብ ፈጽሞ አትዋጥ።

ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ከጎድን አጥንት ሥር በስተቀኝ ወይም ከደረት አጥንት ጫፍ በታች የሚሰማ፣ በቃር መድኃኒት የማይታገሥ ሕመም ከተነሣ የደም ግፊት መለካት አለበት። ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት ከታከለበት ለእናቲቱም ለልጁም ሕይወት የሚያሰጋው የእርግዝና ደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል ለነገ ሳይባል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ያሻል። ደም ማስታወክ፣ ምግብ ለመዋጥ መቸገርና ወደ ክንድ የሚሠራጭ የደረት ሕመምም እንዲሁ ናቸው። ጥቁር ሰገራ የብረቱ እንክብል ሊያመጣው ይችላል፤ ቢሆንም ለሐኪም መንገር ይገባል።

ዐረብኛ ለማይሆንላቸው እኅቶቻችን ሁለት ቃላት እንጨምር። ቃር «ሑርቃ» ይባላል፤ ነፍሰ ጡር ነኝ ለማለት ደግሞ «አና ሓሚል»። መድኃኒት ቤት ሲገባ ሁለተኛው ይቅደም።