ተረትና እውነታ፦ ሪሳይክል የማያደርገው ማን ነው?

ተረት፦ «የድሃ ሰፈር ሰው ሪሳይክል የማያደርገው ግድ ስለሌለው ነው።»

እውነታ፦ አሜሪካ ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማው ይህ ወቀሳ ሰውን ባላጠፋው ይከሳል። «ዘ ሪሳይክሊንግ ፓርትነርሺፕ» የተባለው ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ለብቻ በተሠሩ ቤቶች ከሚኖሩ ቤተሰቦች 85 ከመቶው የሪሳይክል አገልግሎት ያገኛሉ፤ አፓርትመንት ከሚኖሩት ግን 37 ከመቶው ብቻ። ገንዳ ያልቀረበለት ሰው ጠርሙሱን የት ይጣለው? በዋሽንግተን ዲሲ የከተማው መኪና ሪሳይክል የሚያነሳው ከ3 የማይበልጥ መኖሪያ ካላቸው ሕንፃዎች ነው። ከዚያ የሚበልጠው ሕንፃ ባለቤት የግል ድርጅት መቅጠር አለበት፤ የሪሳይክል አገልግሎት ማቅረብም ሕጋዊ ግዴታው ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩት እንዲህ ባለ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ይህን መብት የሚያውቅ ተከራይ ግን ጥቂት ነው። ገጠር ደግሞ ቤት ለቤት የሚያነሳ መኪና በሌለበት ነዋሪው ራሱ ጭኖ እስከ ማሰባሰቢያው ጣቢያ መንዳት አለበት። መኪና የሌለውስ?

ተረት፦ «መንግሥት በጀት ስለመደበ ችግሩ ተፈትቷል።»

እውነታ፦ በ2021 የወጣው የአሜሪካ የመሠረተ ልማት ሕግ ለሪሳይክል ግንባታና መሣሪያ በ5 ዓመት 275 ሚሊዮን ዶላር፣ ለሕዝብ ትምህርት ደግሞ 75 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። በ2023 መስከረም ለተመረጡ 25 አካባቢዎች ከተመደበው 73 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሦስት አራተኛው አገልግሎት የተነፈጋቸውን ሰፈሮች እንዲጠቅም የታሰበ ነው። ይህ ሊመሰገን ይገባዋል። ይሁንና 275 ሚሊዮኑ ለየዓመቱ ሲካፈል 55 ሚሊዮን ነው፤ ከ330 ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ ሲከፋፈል ደግሞ ለአንድ ሰው 17 ሳንቲም አይሞላም። በዚያ ላይ የድጋፍ ገንዘቡ ገንዳ፣ መኪናና መለያ ማሽን ይገዛል እንጂ የሾፌሩ ደመወዝና ነዳጁ ከዓመት ዓመት የሚቀጥል ወጪ ነው። ከተማው ያንን የሚሸፍንበት ገቢ ከሌለው አዲሱ መኪና ይቆማል።

ተረት፦ «በፌስታል ቋጥሮ ገንዳው ውስጥ መጣል ንጽሕና ነው።»

እውነታ፦ ፌስታሉ መለያ ማሽኑ ላይ ይጠመጠምና ሥራ ያስቆማል። ዕቃውን አለቅልቀው ያለ ፌስታል ይጣሉ።

ሕንፃዎ ውስጥ የሪሳይክል ገንዳ ከሌለ ዛሬውኑ አስተዳዳሪውን ይጠይቁ። ዲሲ የሚኖሩ ከሆነና መልስ ካጡ 311 ደውለው ያመልክቱ።