የቬፕ ሽቦና ጥጥ፦ የሚወራውና እውነታው

«ቬፕ ጭስ የለውም፣ የሚወጣው እንፋሎት ነው» ይባላል። «ኮይሉን ራስህ ከጠመጠምከው ምን እንደምትስብ ታውቃለህ» ይባላል። «ጥጥ የተፈጥሮ ነገር ነው፣ ምን ጉዳት አለው?» ይባላል። ሦስቱም ከስልክ ቪዲዮ እየተቀዱ ከወጣት ወደ ወጣት የሚተላለፉ አባባሎች ናቸው፤ ለአሶሳ ልጅም ከአዲስ አበባው ልጅ እኩል ይደርሱታል። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ጥቂት እውነት አለ። ሰው የሚሳሳተውም በዚያ በጥቂቱ እውነት ተማምኖ ነው።

ኩራዝ ለኩሶ የሚያውቅ ሰው የቬፕን (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን) ግማሽ አሠራር ያውቃል። በኩራዝ ላምባው በክሩ ቃጫዎች መካከል ባሉት ቀጫጭን ክፍተቶች ወደ ላይ ይሳባል፤ ከላይ ያለው ሲያልቅ ከታች ይተካል። በቬፕም ጥጡ ፈሳሹን የሚስበው በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ ማሞቂያው ላይ ነው። ጥጡ በተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ መሃል ያልፋል፤ ባትሪው ሽቦውን ያግለዋል፣ ፈሳሹም ይተናል። ሽቦው ኮይል ይባላል። አብዛኛው ቬፕ ኮይሉና ጥጡ ከፋብሪካ ተገጥመው የሚመጡለት ሲሆን ሲያረጅ ይጣላል። አንዳንዱ ግን ተጠቃሚው ራሱ ሽቦ ጠምጥሞ፣ ጫፎቹን በብሎን አስሮ፣ ጥጥ እንዲያስገባበት ሆኖ የተሠራ ነው። በእኔ እምነት ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ነው፤ ብዙ ወጣት ግን እንደ ሙያ የሚኮራው በዚሁ ነው።

በመጀመሪያ የእንፋሎቱን ነገር እንይ። ውሃ ሲፈላ የሚወጣው እንፋሎት ውሃ ብቻ ነው። የቬፕ ፈሳሽ ግን በአብዛኛው ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን የተባሉ ወፍራም ፈሳሾች፣ ኒኮቲንና ማጣፈጫ ኬሚካሎች ድብልቅ ነው። ከአፍ የሚወጣው ነጭ ነገር የእነዚህ ደቃቅ ጠብታዎች ደመና ነው። ፈሳሹ በልኩ ሲሞቅ ይተናል፤ ከልክ በላይ ሲሞቅ ግን ይፈርሳል፤ ሲፈርስም ፎርማልዴሃይድ፣ አሴታልዴሃይድና አክሮሊን ይወጡታል። ፎርማልዴሃይድ ካንሰር አምጪ መሆኑ የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥናት ሁለቱም ወገን እያጣመመ ስለሚጠቅሰው ላቅናው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ ፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድን ቬፕ በ3.3 ቮልት ሲያሠሩት ፎርማልዴሃይድ የሚለቅ ውሁድ አላገኙም፤ ወደ 5 ቮልት ሲያሳድጉት ግን በብዛት አገኙ። ተቺዎቻቸው «በዚያ ቮልት ጥጡ ደርቆ ስለሚያር ማንም ሰው ሊስበው አይችልም» አሉ። ትችቱ ተገቢ ነው። ሆኖም ጥናቱም ትችቱም አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ፦ ወደ ሳንባ የሚገባውን የሚወስኑት የሽቦው ሙቀትና የጥጡ እርጥበት ናቸው። ሁለቱንም ገምቶ የሚሠራ ሰው የሚስበውን ነገር በግምት እየቀመመ ነው።

«ምን እንደምስብ አውቃለሁ» የሚለው አባባል የሚፈርሰውም ለዚህ ነው። ራሱ የጠመጠመ ሰው የሚያውቀው ስንት ዙር እንደጠመጠመ ነው። የሽቦውን ቅይጥ፣ የሚደርስበትን ሙቀት፣ ከላዩ ተልጦ ወደ ደመናው የሚገባውን ብረት በዓይኑ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2018 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ56 ተጠቃሚዎችን የግል ቬፕ መርምረው ነበር። በጠርሙሱ ካለው ፈሳሽ ይልቅ ኮይሉን ነክቶ በተነነው ውስጥ እርሳስ፣ ኒኬልና ክሮሚየም በእጅጉ በዝተው ተገኙ። ፈሳሹ ኮይሉ ዘንድ ሲደርስ ብረት ይዞ ይወጣል ማለት ነው።

ስለ ሽቦው ዓይነት የሚወራውም መታረም አለበት። ለዚህ ሥራ የሚውሉት በዋናነት ሁለት ቅይጦች ናቸው። ናይክሮም የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ሲሆን አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ በ1906 እ.ኤ.አ. የፈጠራ ባለቤትነት ያገኘበት ነው። ካንታል ደግሞ ብረት፣ ክሮሚየምና አሉሚኒየም ያለበት የስዊድን ሥራ ነው። እነዚህ ቅይጦች ቤታችን ውስጥ አሉ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦ ከዚሁ ዘር ነው። «እንግዲያው የምጣድ ሽቦ ይሠራል» የሚል አለ። ይግላል፣ አዎ። ግን በምጣዱ ሽቦው ከሸክላው ሥር ነው፤ እንጀራው አይነካውም፣ ከሽቦው የሚወጣውንም ማንም ወደ ሳንባው አይስብም። ሽቦውን የሠራው ፋብሪካ ሲሠራ ስለ ሳንባ አላሰበም። ከተቃጠለ ምጣድ የተፈታ ሽቦ ላይ ደግሞ ዝገት፣ ቅባትና የሸክላ ብናኝ አለ።

ሌላው ሽቦ የባሰ ነው። ዚንክ የተቀባ የአጥር ሽቦ እጅግ ሲግል የሚወጣው ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም እንደሚያስከትል የብየዳ ሠራተኞች በደንብ ያውቁታል። የመዳብ ሽቦ ደግሞ ኤሌክትሪክን ብዙም ሳይቃወም ስለሚያሳልፍ ባትሪውን በቀጥታ እንደ ማጋጨት ነው።

ውፍረቱም ተራ ነገር አይደለም። ርዝመቱ ሳይለወጥ የሽቦው ውፍረት በእጥፍ ቢጨምር ተቃውሞው ወደ ሩብ ይወርዳል። ይህን በቁጥር እንየው። ሙሉ ቻርጅ የሆነ የሊቲየም ባትሪ 4.2 ቮልት ይሰጣል። ኮይሉ 0.5 ኦም ከሆነ የሚፈሰው ጅረት 8.4 አምፔር ነው። 0.2 ኦም ከሆነ 21 አምፔር ይሆናል። በስህተት 0.1 ላይ ከወረደ 42 አምፔር ነው። በብዛት የሚታወቀው 18650 የተባለው ባትሪ (18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት) ከጥሩዎቹም ብዙዎቹ ያለማቋረጥ የሚችሉት ከ20 እስከ 30 አምፔር ነው። ከአሮጌ ላፕቶፕ የተፈታው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 አምፔር አያልፍም። በመብራት ዕቃ መሸጫ የሚታየውና ላዩ ላይ 9,900 ሚሊ አምፔር ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ የተጻፈበት ቁጥር ሐሰት ነው፤ በዚያ መጠን ያን ያህል የሚይዝ ባትሪ አልተሠራም። ባትሪው ላይ በተጻፈ ቁጥር ተማምኖ ኮይል የሚጠመጥም ሰው ሥሌቱን የጀመረው ከውሸት ነው።

«ባትሪ የሚፈነዳው ርካሽ ስለሆነ ነው» ይባላል። ርካሽነቱ አንድ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን መከላከያ ሰርኪት የሌለው ቬፕ ላይ ጥሩ ባትሪም በተሳሳተ ኮይል ሊግል፣ ሊነድና ሊፈነዳ ይችላል። የኮይሉ እግር የዕቃውን ግድግዳ ከነካ በቂ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ፍሎሪዳ ውስጥ፣ በ2019 ቴክሳስ ውስጥ ቬፕ ፈንድቶ ሰው ሞቷል። ዕቃው አፍና ጉሮሮ አጠገብ ሊፈነዳ ስለሚችል የሚያስከትለው ጉዳት ከሌላ የባትሪ አደጋ ሊከፋ ይችላል።

ጥጡን በተመለከተ ለእኛ አገር ልዩ የሆነ ስህተት አለ። በቤንሻንጉል ጉሙዝ ጥጥ ባዕድ አይደለም፤ በመተከል ቆላ ሰፊ የጥጥ እርሻ አለ። «ከማሳው የመጣ፣ ኬሚካል ያልነካው ጥጥ ከሱቁ ይሻላል» የሚል እምነት ቢኖር አያስገርምም። እውነቱ ሌላ ነው። ከማሳ የወጣ የጥጥ ቃጫ በተፈጥሮው ስስ የሰም ሽፋን አለው፤ ውሃ የሚያንሸራትተው እሱ ነው። ጥሬ ጥጥ ውሃ ላይ ጣል ቢያደርጉት ለጊዜው ይንሳፈፋል። የፋርማሲው ጥጥ ግን በአልካሊ ተቀቅሎ ሰሙ ስለወጣለት ወዲያው ይሰምጣል። ጥሬውን ጥጥ ኮይል ውስጥ ያስገባ ሰው ፈሳሽ የማይስብ ክር አስገባ ማለት ነው፤ ሽቦው ሲግል ጥጡን ደርቆ ያገኘዋል፣ ጥጡም ያርራል። ያረረ ጥጥ ጭስ ደግሞ እንደማንኛውም የሚነድ ቅጠል ጭስ ነው፤ «ጭስ የለውም» የሚለው ተረት እዚያው ያልቃል። ማሳው ላይ ፀረ ተባይ ተረጭቶ ከነበረም እርሱ ይታከልበታል። የፋርማሲው ጥጥም ቢሆን ለቁስል የተዘጋጀ እንጂ እንዲሞቅና እንዲሳብ አልተሠራም። ጥጥ የሚመስለው የፖሊስተር ሙሌትማ ይቀልጣል።

ጥቂት ቀን የሠራ ኮይልን ፈቶ ማየት ከብዙ ክርክር ይሻላል። ሽቦው ላይ ከጣፋጩ የተጋገረ ጥቁር ቅርፊት ተለጥፎ ይገኛል። ነጭ የነበረው ጥጥ ኮይሉ የነካው ቦታ ላይ ቡናማ ሆኗል፣ መሃሉ ደግሞ ሲነኩት ይፈረፈራል። ከሽቦውና ከጥጡ የጎደለው የሄደው ወደ ሳንባ ነው።

የሚለሰልስ ጭስ ንጹሕ ነው የሚለው ስህተት በቬፕ አልተጀመረም፤ «ውሃው ጭሱን ያጠራዋል» የሚለው የውሃ ማጨሻ እምነት ከቬፕ በጣም ይቀድማል። በምዕራቡ ቆላ ትምባሆን በጋያ፣ ከቅል በተሠራ የውሃ ማጨሻ፣ ማጨስ የቆየ ልማድ ነው፤ ወንድም ሴትም ያጨሳሉ። ቅሉ ውሃ ይይዛል፣ ትምባሆው ከላይ ባለው የሸክላ አፍ ይነዳል፣ ጭሱ በውሃው ውስጥ እየተንዶቀዶቀ ያልፋል። በአገራችን የውሃ ማጨሻ ትምባሆ ከአሜሪካ ከመምጣቱም በፊት ነበር፤ በጣና አካባቢ ላሊበላ በሚባል ዋሻ (የአብያተ ክርስቲያናቱ ላሊበላ አይደለም) የተገኙ፣ ዕድሜያቸው ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ የሚጠጋ የሸክላ ማጨሻዎች ተመርምረው የካናቢስ ቅሪት ተገኝቶባቸዋል። ዕድሜው ግን ጉዳቱን አይቀንሰውም። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፣ ስለዚህ ጉሮሮ አይቆረቁርም፣ ስለዚህ ሰው ጠልቆ ይስባል። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን በውሃው ያልፋል፤ ኒኮቲኑንም ውሃው ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማሳሰቢያ አንድ ሰዓት ያህል የሚቆይ የሺሻ ማጨስ ከአንድ ሲጋራ ከ100 እስከ 200 እጥፍ የሚሆን የጭስ መጠን እንደሚያስገባ ገልጿል። ቬፕም «እንፋሎት» ሲባል የሚያሳስተው በዚሁ በልስላሴው ነው።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው የሚነገረውን ስህተት እናንሳ፤ ለማስፈራራት ሲባል ሐሰት መናገር ወጣቱን አያድነውም። «ቬፕ ከሲጋራ ይብሳል» የሚለው በማስረጃ አይደገፍም። የሲጋራ ገዳይነት በዋናነት ከሚነደው ቅጠል የሚመጣ ነው። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናት መዛኝ ተቋም ኒኮቲን ያለው ቬፕ ሲጋራ ለማቆም ከኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተር የተሻለ እንደሚረዳ ደምድሟል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ከ2,800 በላይ ሰዎችን ያሳመመውና 68 ሰዎች የሞቱበት የሳንባ በሽታም በዋናነት የተያያዘው ከተራ የኒኮቲን ፈሳሽ ጋር ሳይሆን ቫይታሚን ኢ አሴቴት ከተቀላቀለበት የካናቢስ ፈሳሽ ጋር ነው። ኒኮቲንም ዋናው ካንሰር አምጪ አይደለም፤ ሱስ ግን ያስይዛል፣ በማደግ ላይ ያለን የወጣት አንጎል ይጎዳል፣ ሕፃን ከጠርሙሱ ቢጠጣው ሊገድለው ይችላል።

«እንግሊዞች 95 በመቶ ይሻላል ብለዋል» የሚለውስ? ቁጥሩ በ2015 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ተቋም መጠቀሱ እውነት ነው፤ መነሻው ግን የባለሙያዎች ግምት እንጂ ልኬት አልነበረም፣ ብዙ ተተችቷል። ከሁሉም በላይ የተነገረው ስለ እንግሊዝ ገበያ ነው። እዚያ የኒኮቲኑ መጠን በሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ፣ ጠርሙሱም ከ10 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ በሕግ ተወስኗል፤ ምርቱ ከመሸጡ በፊት ይመዘገባል። ቁጥሩ በሻንጣ ውስጥ ከዕቃው ጋር አብሮ አይመጣም፤ በማይታወቅ ሽቦ ለተጠመጠመ ኮይልም አይሠራም።

ምክንያቱም እኛ ዘንድ የተመዘገበ ቬፕ የለም። «ሺሻ ነው እንጂ ቬፕ አልተከለከለም» የሚለው ፍጹም ስህተት ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. ያጸደቀው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ኒኮቲን መሣሪያዎችን ከሺሻ ጋር አብሮ ከልክሏል፤ ማምረት፣ ማስመጣት፣ ማከፋፈልና መሸጥ አይቻልም። አዋጁ ለአሶሳም፣ ለፓዊም፣ ለኩርሙክም እኩል ይሠራል። ከዕገዳው የሚከተለውን ግን ተጠቃሚው ልብ ሊለው ይገባል፦ እጁ ላይ ያለውን ፈሳሽ፣ ሽቦና ባትሪ ማንም ባለሙያ አልመረመረውም፣ ጉዳት ቢደርስበትም የሚጠይቀው ሻጭ የለም።

ስለዚህ የማያጨሱ ወጣቶች ይህን ዕቃ አይጀምሩት። ሲጋራ ለማቆም የሚፈልግ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይጠይቅ፣ ሲታከምም ቬፕ መጠቀሙን ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር። ወላጆችም ልጃቸው እጅ ላይ ቀጭን ሽቦ፣ ጥጥና ባትሪ ቢያዩ ከመቆጣታቸው በፊት ስለ ባትሪው ይጠይቁት፤ ላስቲኩ የተላጠ ወይም ያበጠ ባትሪ ከኪሱና ከአልጋው አጠገብ ዛሬውኑ ይራቅ።