የኮሌጅ ተማሪና የእምነቱ ኑሮ



ልጁን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሩቅ አገር የሚልክ ወላጅ ሁለት ነገር ያስባል። አንደኛው የልጁ ምግብና ልብስ ሲሆን ሁለተኛው ከቤት ይዞት የሚሄደው እምነት ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ይነገራል፤ ስለ ሁለተኛው የሚነገረው ግን ጥቂት ስለሆነ፣ ዛሬ የድሬዳዋን ከተማ ምሳሌ አድርገን ጉዳዩን ባጭሩ እናስረዳለን።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሲደርስላት የተቆረቆረች ከተማ ናት። የደቻቱ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንደኛው ወገን በቀጥተኛ መንገዶቹ የታወቀው ከዚራ፣ በሌላው ወገን የገበያው ሰፈር መጋላ ይገኛል። መጋላ ማለት በኦሮምኛም በሶማልኛም ከተማ ማለት ነው። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር፣ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍል የተመደቡ ወጣቶች አዛንና ቅዳሴ ጎን ለጎን በሚሰሙበት በዚህ ኑሮ ገቡ። ከእነርሱም መካከል ሌላ እምነት ካለው ሰው ጋር በአንድ ክፍል አድሮ የማያውቅ ይኖራል።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስን ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 27 ማንኛውም ሰው የመረጠውን እምነት የመያዝና የመግለጽ ነጻነት እንዳለው፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ መሰጠት እንዳለበት ይደነግጋል። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲው ሃይማኖትን አይሰብክም፤ ነገር ግን ተማሪው እምነቱን በግቢው በር ላይ ጥሎ እንዲገባ አያስገድድም ማለት ነው። ችግር የሚመጣው ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ሲዘነጋ ነው።

በተግባር ሲታይ ተማሪዎች በየእምነታቸው ይሰባሰባሉ። የኦርቶዶክሶቹ ግቢ ጉባኤ፣ የሙስሊሞቹ ጀመዓ፣ የወንጌላውያኑም ኅብረት ይባላል። የእነዚህም ጥቅም በጸሎት ብቻ አይወሰንም። አዲስ የመጣውን ተማሪ ይቀበላሉ፤ የታመመውን ይጠይቃሉ፤ በትምህርት የደከመውንም ያስጠናሉ። የቤቱን ናፍቆት ብቻውን ተሸክሞ ወደ መጠጥና ወደ ጫት ሊያዘነብል የሚችለውን ወጣት፣ እንዲህ ያለው ጉባኤ ብዙ ጊዜ ይደግፈዋል።

ሆኖም አስቸጋሪ የሆኑ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ማዕድ ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም፤ ኦርቶዶክሱም ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን ሲገባ፣ ረመዳን ደግሞ በዚያው ሳምንት የካቲት 22 ቀን ገባ። ከንጋት በፊት ሱሁር የሚበላ አለ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ አለ፤ የማይጾምም አለ። ለእነዚህ ሁሉ በየሰዓታቸው ምግብ ማሰናዳት የወጥ ቤቱ ኃላፊ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ሰሌዳ ነው። የእስልምና ዘመን አቆጣጠር በጨረቃ ስለሚሄድ፣ ረመዳን በየዓመቱ ወደ ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ይቀድማል፤ ስለዚህ ፈተና ከጾሙ ጋር የሚገጥምበት ዓመት ይኖራል። የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ አንባብያን፣ ዓርብ ቀን የምሳ ዕረፍት ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል የሚረዝመው ለጁምዓ ሶላት እንዲመች መሆኑን ታውቃላችሁ። ይህ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። የእስልምና በዓላት የሕዝብ በዓል ሆነው የታወጁት በ1967 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥቶ ይህንኑ ጠይቆ ነበር። በመሥሪያ ቤት የተለመደውን ይህን አስተያየት፣ የፈተና ሰሌዳ የሚያወጣውም ሹም ሊያስበው ይገባል።

ሦስተኛው የመኝታ ክፍል ነው። ለሱሁር የሚነሣው ጓደኞቹን እንዳይቀሰቅስ ይጠንቀቅ፤ መዝሙር የሚያደምጠው ድምፁን ዝቅ ያድርግ፤ ማንም የሌላውን ጸሎት ለቀልድ አያውል። ነገሩ ጥቃቅን ይመስላል። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች ሁከት በተነሣ ጊዜ ተማሪዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። የዚያ ሁከት ዋና መነሻ የብሔር ጉዳይ ቢሆንም፣ ከክፍል ጓደኛው ጋር የማይተዋወቅ ተማሪ ወሬን ቶሎ እንደሚያምን ግልጽ ነው። የእምነት ጠብም በዚሁ መንገድ ሊገባ ይችላል።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ ሲደውል ስለ ውጤቱ ብቻ አትጠይቁ። የት እንደሚጸልይ፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ያም ጓደኛው መቼ እንደሚጾም ጠይቁት። መልሱን የሚያውቅ ከሆነ፣ የራሱን እምነት ሳይለቅ የሌላውን ማክበር ተምሯል፤ ነገም በመሥሪያ ቤት ከእናንተ ጎን ሲቀመጥ ባለጉዳዩን ሁሉ በእኩል ዓይን ያያል።